ይሉኝታ ያስተማርኩት ማሽን

እኛ ሰዎች ክፉ ወሬን ለሁሉም መንገር እናውቅበታለን፤ የሚያቅተን ለባለቤቱ ብቻ ነው። ለጎረቤቱ እንነግራለን፣ ለሥራ ባልደረባው እንነግራለን፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ለተቀመጠ የማናውቀው ሰው ሳይቀር እንነግራለን። ባለቤቱ ሲመጣ ግን ስለ ዝናቡ እናወራለን። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" የሚለው ተረት ጆሮን ያለ ጥፋቱ የሚወቅስ ይመስለኛል፤ ጥፋቱ የአፍ ነው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ለታማሚው ሳይሆን ኮሪደር ላይ ለቆመው አጎት ያንሾካሹካል፤ አጎት ለአክስት፣ አክስት ለንስሐ አባት ያደርሳሉ፤ ታማሚው ደግሞ ሰው ሁሉ ዛሬ ምን ነክቶት እንዲህ እንደሚያቆላምጠው እየገረመው ሾርባውን ፉት ይላል። ሥራ ላመለከተ ሰውም "አልተቀበልንህም" የሚል የለም። "እንደውልልሃለን" ነው የሚባለው። እስካሁን የተደወለለት ካላችሁ እባካችሁ አሳውቁኝ።

ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። ይሉኝታ የሚባል ነገር ባይኖረን ኖሮ በዚህ ኑሮና በዚህ የታክሲ ሰልፍ እርስ በርሳችን ተበላልተን ባለቅን ነበር። ደግሞም ክፉ ወሬን የምናዘገየው ዝም ብለን አይደለም፤ ሥርዓት አለው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው የሞተበት ሰው ሥራ ቦታው ተሂዶ፣ ወይም በስልክ ተደውሎ "ሞቱ" አይባልም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፣ ሲወድቅ የሚይዙት ጠንካራ ክንዶች ግራና ቀኝ ይዘጋጃሉ፣ ከዚያ ነገሩ ከሩቅ፣ ከአዳምና ከሔዋን ይጀመራል። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ያሉት አባቶቻችን መርዶ ነጋሪዎች ሳይሆኑ አልቀሩም።

የእኔ ችግር የሒሳብ መምህር መሆኔ ነው። በየካ፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ስምንተኛ ክፍልን አስተምራለሁ። ከግቢያችን በላይ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ያለውን ደግሞ ክረምት ከገባ ጉሙ ስለሚውጠው አናየውም። ሒሳብ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሰባት ጊዜ ስምንትን ለምናችሁትም ሆነ ተቆጥታችሁት ሃምሳ ስድስት ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሒሳብ በይሉኝታ ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ስጨርስ ዞር ብዬ "ገባችሁ?" እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ገባን!" ይላል። "አልገባኝም" ማለት መምህሩን ማሳፈር ነው፤ "ማነው ያልገባው?" ብሎ መመርመርም ልጁን ማሳፈር ነው። ስለዚህ ተከባብረን እንኖር ነበር። የሚያዋርደን ፈተናው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበርን።

ይህን ሰላም ያደፈረሱት ታብሌቶች ናቸው። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ተጠቅሞ የጨረሳቸውን ታብሌቶች ሰበሰበና ላከልን። ግማሾቹ መስታወታቸው ተሰነጣጥቋል፤ የቀሩት ደግሞ ባትሪያቸው እንደ እኔ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ናሆም የሚባል የአይሲቲ መምህር አለን፤ ወጣት ነው፣ ሲናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። እሱ ነው ኔትወርክ የሚገኝባትን አንዷን ክፍል ፈልጎ ታብሌቶቹን ደርድሮ የጠራኝ።

"ጋሼ፣ ዋናው ነገር ፊድባኩ ነው" አለኝ። "ኢንስታንት መሆን አለበት። ልጁ መልሱን በነካ ቅጽበት ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ አለበት። ከቆየ ምን ዋጋ አለው? ረስቶታል እኮ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ በስሙ ይገባል። ጥያቄ ይመጣለታል፣ ከሥሩ አራት ምርጫ አለ። ልክ የሆነውን ሲነካ መስታወቱ አረንጓዴ ይሆንና "ጎበዝ" ይላል። ሲሳሳት ቀይ ይሆናል፤ ከቀዩ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገርና አጭር ማብራሪያ ይወጣል። ያንን ዓረፍተ ነገር የምንጽፈው እኛ መምህራን ነን። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፤ "መልስህ መልካም ነው፤ ሆኖም ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖር ስለሚችል እስቲ ረጋ ብለህ እንደገና ብታስብበት።" ናሆም አንብቦት ሲስቅ ወንበሩን ይዞ ሊወድቅ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽምግልና ነው። ዝም ብለው ስህተት ነው ይበሉት።"

እሺ ብዬ "ስህተት ነው" ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍሉ ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዷ ቀይ ሲመጣባት ታብሌቱን በደብተር ሸፈነችው፤ አንዱ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ይዞት ገባ። ቀስ እያሉ ግን አንድ ነገር ታወቃቸው። ማሽኑ ጆሮ አይቆነጥጥም። "የጎረቤትህን ልጅ አታይም?" አይልም። ለእናት አይናገርም። "ስህተት ነው" ይላል፣ ለምን እንደሆነ ይነግራል፣ ከዚያ ሁሉንም ረስቶ ቀጣዩን ጥያቄ ያቀርባል። ልጆቹ ሳያስቡት ስህተትን ለመዱት። እንደ ልማዴ "ገባችሁ?" ብዬ ስዞር አንድ ቀን አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም" አለኝ። ታሞ እንደሆነ ብዬ ግንባሩን ነካሁት።

ማሽኑን ከሁሉም አብልጣ የወደደችው ረድኤት ናት። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስላረፈች ያሳደጓት አባቷ ጋሽ ግርማና የአባቷ እህት እትዬ አስካለ ናቸው። ጋሽ ግርማ ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። አባቱ ሹፌር የሆነ ልጅ አባቱን ይበልጥ የሚያውቀው በስልክ ነው። ጋሽ ግርማም ካደሩበት ከተማ ማታ ማታ ይደውሉና ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቋት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ዛሬ ስንት ቀይ አገኘሽ?" ለወላጆች ስብሰባ መጥተው ሳለ "ለምን ስለ አረንጓዴው አይጠይቋትም?" ብላቸው ሳቁብኝ።

"መምህር፣ አረንጓዴ ላይ ማን ይቆማል? ይታለፋል እንጂ" አሉኝ።

ረድኤትም ያባቷ ልጅ ናት። ሌሎቹ ቀይ ሲመጣባቸው ወደሚቀጥለው ሲሸሹ እሷ ቀዩ ላይ ቆማ፣ የጻፍኩትን ማብራሪያ በከንፈሯ እያነበነበች ትቆያለች። አንድ ቀን ቀና ብላ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ይሉኝታ የለውም አይደል?" አለችኝ። የለውም አልኳት። "ደስ ይላል" አለችና ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ ገብቶ ጉሙ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ወርዶ የክፍሎቻችንን ቆርቆሮ ሲነካ፣ እትዬ አስካለ ትምህርት ቤት መጡ። ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ነበር ያጣፉት፤ ፊታቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። የመምህራን ክፍል ገብተው በሩን ራሳቸው ዘጉት። ጋሽ ግርማ ወደ ሰሜን እንደወጡ መንገድ ላይ ድንገት ታመው ሞተዋል። ዘመድ ደርሶ እዚያው በትውልድ አገራቸው ቀብሯቸዋል። እድሩ ሰምቷል፣ ሰፈሩ ሰምቷል፣ መናኸሪያው በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማችው ረድኤት ብቻ ናት።

"ፈተናዋን እስክትጨርስ አደራ" አሉን። "አሁን ከሰማች ዓመቷ ይበላሻል። እሱም ቢሆን ደስ አይለውም። አባትሽ ያለበት አገር ኔትወርክ ጠፍቷል ብያታለሁ። እናንተም እንደዚያው በሉልኝ።"

ኔትወርክ ጠፍቷል የሚለው ውሸት በአገራችን ማንም የማይጠረጥረው ውሸት ነው። ሁላችንም አደራውን ተቀበልን። ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ናሆም ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ አባቷ እኮ ነው። የማወቅ ራይት የላትም እንዴ?" አለኝ። "አላት፤ ከፈተና በኋላ" አልኩት። የምናገረው ከልቤ ነበር። እኔም በዚህ ሥርዓት ያደግሁ ነኝ፤ ለተማሪ በፈተና ዋዜማ መርዶ አይነገርም።

ሰው ክፉ ወሬ ሲደብቅ አፉን ይጠብቃል፣ ዓይኑን ይጠብቃል፤ ደግነቱን ግን መጠበቅ አይሆንለትም። ሰፈሩ ድንገት ደግ ሆነ። ኋላ እንደሰማሁት ውኃ በመጣ ቀን የረድኤትን ባልዲ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ትገፋ የነበረችው አከራይ "ቅጂ የኔ ልጅ፣ አንቺ ቅድሚያ ቅጂ" ማለት ጀመረች። ባለሱቁ በገዛችው ዳቦ ላይ ከረሜላ ይመርቅላት ጀመር። እትዬ አስካለ፣ አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ሳምንቱን ሙሉ የሚያነሱት ሴት፣ ረድኤት ሰሐን ስትሰብር "እሰይ፣ ዕቃ ነው" አሉ። ትምህርት ቤት ደግሞ አርፍዳ ስትመጣ የስፖርት መምህሩ በሩን ራሱ ከፈተላት። እሱ ለርዕሰ መምህሩም በር ከፍቶ አያውቅም። ሁላችንም ስናልፍ ስናገድም ራሷን እንዳብስ ነበር። እሷ ደግሞ በተዳበሰች ቁጥር ቀና ብላ የዳበሳትን ሰው ፊት ታያለች።

በዚህ ሁሉ መሃል ደግነት ያልጀመረው ማሽኑ ብቻ ነበር።

ሐዘኑ በተሰማ ሰሞን ከኋላዋ ቆሜ ስትሠራ አያታለሁ። አንዱን ነካችና መስታወቱ ቀላ። እኔው በእጄ የጻፍኩት "ስህተት ነው" የሚል ቃል አባቷ የሞተባት ልጅ ፊት ላይ ተደቀነ። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እንደ ልማዷ ማብራሪያውን ማንበብ ጀመረች። የተቆጣሁት እኔ ነኝ። አገር ሁሉ ከረሜላ በሚሰጣት ጊዜ ይህ ዕቃ ምን ቤት ነው ስህተት ነሽ የሚላት? ሰው የሞተበት ሰው አያውቅም? ወጥቼ ናሆምን ፈለግሁት።

"ለአንድ ልጅ ብቻ የተለየ አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል?" አልኩት። "የትኛውንም ብትነካ አረንጓዴ የሚሆን።"

"ይቻላል" አለኝ። "ግን ከዚያ ምን ትማርበታለች?"

"አሁን የምትማርበት ጊዜ አይደለም" አልኩት።

ፈተናው ደጅ ቆሞ ይህን ያልኩት የሒሳብ መምህሯ ነኝ። ናሆም ራሱን ነቀነቀና የጠየቅሁትን ሠራልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረድኤት በስሟ ስትገባ የሚጠብቃት የእሷ ብቻ የሆነ ቅጂ ነበር። ሀን ብትነካ ጎበዝ፣ ለን ብትነካ ጎበዝ፣ ሐን ብትነካ ጎበዝ፣ መን ብትነካ ጎበዝ። በዚያች ክፍል ውስጥ ይሉኝታ ያልነበረው አንድ ፍጡር ነበር፤ እሱንም እኔ አስተማርኩት። ወደ ቤቴ ስወርድ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ለራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለመከለሻ ካዘጋጀኋቸው ጥያቄዎች አንዷን ልንገራችሁ፤ ኋላ ትፈለጋለች። ታንከር ሙሉ ውኃ ነበረ። ውኃው በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ የቀረው ውኃ በግማሹ ጨመረ። ውኃው ወደ ነበረበት ተመልሷል ወይ? ክፍሉ በሙሉ ያለ ምንም ማመንታት "ተመልሷል" የሚለውን ነካና ክፍሉ በሙሉ ቀላ። ከዚያ ማብራሪያውን እያነበቡ "እንዴ?" እያሉ ተንጫጩ። እናንተም አሁን የሆነ መልስ በልባችሁ ይዛችኋል። ልክ ነው ስህተት ነው ብዬ ወዲያው ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝና ቆዩ።

የዚያን ቀን ረድኤት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ያቺኑ ጥያቄ በራሷ ቅጂ ነካች። አረንጓዴ ሆነ። እንደሌላው ጊዜ ወደሚቀጥለው አላለፈችም። ወደ ኋላ ተመልሳ ሌላ ምርጫ ነካች። ጣቷ የሚያቃጥል ነገር እንደሚነካ ሰው ቀስ ይላል። ሦስተኛውን ነካች፤ አራተኛውንም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ልጆቹ ስለ ታንከሩ ይከራከራሉ። እኔም ከሩቅ ሆኜ ፈገግ አልኩላትና በአፌ ቅርጽ "ጎበዝ" አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየችና ታብሌቱን አጥፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

"ቲቸር፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ?" አለች።

ሂጂ አልኳት። ስትመለስ ፊቷና ፀጉሯ ርሶ ነበር፤ ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት።

ፈተናው መጣ፣ ፈተናው አለፈ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ እነ እትዬ አስካለ ቤት ተሰበሰብን። ከእንጦጦ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል፤ ሰው የሚተዋወቀው በሳሉ ነው። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆኑ፣ ሁለት ጠንካራ ወጣቶች ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሙ። እኔም መምህሯ ስለሆንኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስገቡኝ። ረድኤት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን አስራለች። የእድሩ ዳኛ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩት። ሰው ሆኖ የማይሞት እንደሌለ፣ አባት እናት ለማንም ጸንቶ እንደማይኖር፣ አምላክ የሰጠውን እንደሚወስድ ተናገሩ። ከዚያ የጋሽ ግርማን ስም ጠሩ። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ ቀን አፍነው የያዙት ጩኸት ቤቱን ሞላው። ወጣቶቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ረድኤት ተጠጉ።

ረድኤት "እሺ" አለች።

እሺ ብቻ። ወጣቶቹ የሚይዙት አጥተው በአየር ላይ የቀረ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። "ደንግጣ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ። "ቆይቶ ይወጣላታል" አሉ ሴቶቹ። አልወጣላትም። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ የመናኸሪያ ሰዎች እያለቀሱ መጡ፤ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በደረቀ ዓይን ተቀምጣለች። በሁለተኛው ቀን ሹክሹክታው ተጀመረ። አንዷ ሴት ከኋላዬ "የዛሬ ልጆች አንጀት የላቸውም" ስትል ሰማሁ። ይህንንም ለባለቤቷ አልነገረቻትም፤ ለሌላ ሴት ነው የነገረችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ከድንኳኑ ጥግ ጥቂት ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ። ረድኤት ተነስታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ቲቸር፣ እኔ አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አባዬ እንደሞተ።" ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። "መጀመሪያ ሰው ሁሉ ደግ ሲሆንብኝ ጠረጠርኩ። ግን እንዲሁ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቀዩ ሲጠፋ ግን... አንድ ቀን ሆን ብዬ የማይሆን መልስ ነካሁ። ጎበዝ አለኝ። ሁሉንም ነካኋቸው። ሁሉንም ጎበዝ አለኝ። ከዚያ እርስዎም ጎበዝ አሉኝ። ያኔ ገባኝ።"

ለብዙ ዓመታት "ገባችሁ?" እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ በእውነት የገባው ልጅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

"ለምን ለአክስትሽ አልነገርሻትም?"

"ማታ ማታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እንዳልሰማ ብላ ነው። እንደሰማሁ ካወቀች ያ ሁሉ ልፋቷ ሜዳ ሊቀር ነው ብዬ ተውኩት።"

ሰፈሩ ለእሷ ብሎ ከእሷ ደበቀ፤ እሷም ለሰፈሩ ብላ ከሰፈሩ ደበቀች። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያንን መርዶ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ደጋፊ ክንድ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ብቻዋን ለራሷ ተናግራ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ክፍል ተመልሳለች። ሚኒስትሪም የተፈተነችው ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው። እኛ ደግሞ ዓመቷን ያተረፍንላት መስሎን ነበር።

"አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት" አለችኝ። "ያቺ የታንከሯ ጥያቄ... እንደሷ ያለች ጥያቄ ፈተናው ላይ መጣች።"

"እና?"

"የቱ እንደሆነ አላውቅም ነበር። የእኔ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ እውነቱን ግን የነገረኝ የለም።"

"ጓደኞችሽን አትጠይቂም?"

"ማንን ልጠይቅ? ሁሉም እሺ እሺ ነው የሚሉኝ።" ቀጥላም "ተመልሷል የሚለውን መለስኩ" አለች።

ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ ቀና ብሎ አየንና ወደ ካርታው ተመለሰ። እኔም መምህር ስለሆንኩ፣ ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ።

"መቶ ሊትር ነበረ እንበል። በግማሽ ቀነሰ።"

"ሃምሳ።"

"አሁን ይህ የቀረው በግማሹ ጨመረ። የሃምሳ ግማሽ?"

"ሃያ አምስት።" ጣቷ ጉልበቷ ላይ ይጽፋል። ቆመ። "ሰባ አምስት።"

"አዎ።"

መልሱን አግኝታዋለች፤ ከፊቷ አየሁት። ግን ከሰው አፍ መስማት ፈለገች።

"ተመልሷል ያልኩት ስህተት ነው?" አለችኝ።

ይሉኝታ ያውቅበታል፤ ቶሎ ብሎ ምላሴ ላይ መጣ። አይዞሽ፣ አንድ ጥያቄ ነው ልላት እችል ነበር። ጥሩ ሞክረሻል ልላት እችል ነበር። ለቅሶ ላይ ነን፣ ሌላ ቀን እናየዋለን ብል ደግሞ ማንም አይፈርድብኝም። ረድኤት ግን ቀዩ ላይ እንደምትቆመው ቆማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች።

"ስህተት ነው" አልኳት። "አልተመለሰም።"

ያኔ አለቀሰች። ለእድሩ ዳኛ ያላለቀሰችውን፣ ለአክስቷ ያላለቀሰችውን፣ ነጠላዋን ጥላ፣ "አባዬ" እያለች፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ እስኪጠፋ አለቀሰች። ካርታ የሚጫወቱት ካርታቸውን ጣሉ። ሴቶቹ ከጓዳ እየሮጡ ወጥተው ከበቧት። እትዬ አስካለ ከመሃላቸው ሆነው፣ የወንድማቸውን ልጅ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ብለዋት ነው መምህር?"

"ሒሳብ ነው" አልኳቸው።

"አሁን ይሄ ሰዓቱ ነው?" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ሰዓቱ አልፎበት ነበር።